ብርዱን ፈርተን ሞተሩን አልፈራንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፣ የልጆች እናት። ይህ ነገር ውስጤ ሲብላላ ከርሟል፣ ዛሬ ልጻፈው ብዬ ነው። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ልጆቻችንን ያን ያህል ከማይጎዳቸው ነገር እንደብቃቸዋለን፣ በእርግጥ ለሚጎዳቸው ግን ዓይናችን እያየ እንሰጣቸዋለን።

ወንድሜ ከነቤተሰቡ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። 5 ዓመት የሞላት ልጅ አለችው። ቅዳሜና እሁድ ቤት አይውሉም። ሲሞቅ ተራራ ላይ ድንኳን ይተክሉና ልጅቷ ለአፈርና ለኮረት መንገድ የተሠራች ትንሽ ሞተር፣ ዲርት ባይክ የሚሏትን፣ ትነዳለች። በረዶው ሲጥል ደግሞ ስኪ የሚሉትን፣ በረዶ ላይ የሚያንሸራትት ረጅም ጠፍጣፋ መጫሚያ፣ ተጫምታ ከእናት አባቷ ጋር ቁልቁል ትንሸራተታለች። ቪዲዮውን ለእናቴ ባሳያት «በስመ አብ! ይቺን ሕፃን ሊጨርሷት ነው እንዴ?» ብላ አማተበች። የጎረቤቱም አስተያየት ከዚህ አይርቅም። እኔን የገረመኝ ግን ድፍረታቸው ሳይሆን ጥንቃቄያቸው ነው።

ልጅቷ ሞተር ላይ ዝም ብላ አልወጣችም። ገና ድክ ድክ ስትል ፔዳል የሌላት ሳይክል ገዙላት፣ መሬቱን በእግሯ እየገፋች ሚዛን መጠበቅ ለመደች። ሞተሯ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። 50 ሲሲ ናት፣ ማርሽ መቀየር የለባትም፣ ነዳጅ መስጫዋ ላይ ደግሞ አባትየው የሚያስተካክላት ብሎን አለች፤ ልጅቷ እስከ መጨረሻው ብትጠመዝዘው እንኳ እሱ ከወሰነላት ፍጥነት አታልፍም። መኪና ወደሚሄድበት መንገድ ድርሽ አትልም። በልኳ የተሠራ ሄልሜት፣ መነጽር፣ የደረት፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ፣ ጓንት፣ ረጅም ቦት ጫማ ታደርጋለች። አንዱ ከጎደለ ሞተሯ አትነሳም። ይህም ሁሉ ሆኖ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንዲህ ያሉ ሞተሮች ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አደገኛ ናቸው ይላል። ስለዚህ ለልጆቻችሁ ሞተር ግዙ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ።

እኛ ጋስ? አባት 150 ሲሲ ሞተር ላይ ልጁን ሰልባትዮው ላይ ያስቀምጣል፣ ሚስቱን ከኋላ ያፈናጥጣል፣ ከዚያ በአስፋልቱ ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋ ይነዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው ከባድ መኪና የሚሄድበት መንገድ ነው ይሄ! ሄልሜት ካለ አባት ራስ ላይ ነው ያለው። ልጁ ያደረገው የሱፍ ኮፍያ ነው። ብርድ እንዳይመታው አስበንለታል፣ አስፋልቱ ግን ትዝ አላለንም። ለልጄ የሚሆን ሄልሜት ፈልጌ ከተማችን ውስጥ ያሉ ሱቆችን ዞሬ ነበር፣ ያገኘሁት የአዋቂ ብቻ ነው። አንዱ ባለሱቅ «ስፖንጅ ጨምሪበት» አለኝ። በልክ ያልሆነ ሄልሜት ልጁ ሲወድቅ ይንሸራተታል፣ ስፖንጅ አያድነውም።

ወደ ብርዱ ልምጣ። ኮሎራዶ ውስጥ ስኪ ከሚዘወተርባቸው ከተሞች አንዷ ብሬከንሪጅ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። ታዲያ በከፍታ ይህን ያህል ከተቀራረብን እኛ ጋ በረዶ ተቆልሎ የማይከርመው ለምንድን ነው? ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ደግሞም ውርጩ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ይሟሟል፣ በቃ። እዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች የሚውልበት ጊዜ አለ፣ ልጅቷም ውጭ ናት።

እንዴት ቢባል፣ አለባበሷ ነው። ከሥር ስስ ልብስ፣ መሃል ላይ ሱፍ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ጥጥ ገላዋ ላይ አያደርጉም፣ ላብ ከያዘ ቶሎ አይደርቅማ። ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። ይህን የመንዝ እረኛ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፣ በርኖሱ የበግ ጠጉር አይደል? ስኪውንም የጀመረችው ከተራራው አናት ሳይሆን ብትወድቅ ከማይጎዳት ትንሽ ተዳፋት ላይ ነው፤ ያውም መጀመሪያ ያስተማሯት እየተንሸራተተች ሳለ ፍጥነቷን ገትታ መቆምን ነው፣ የስኪዎቹን አፍንጫ አቀራርቦ ኋላቸውን ከፍቶ መቆም። ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው የሚል ካለ ደግሞ ሮቤል ተክለማርያምን ያስታውስ። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ነው፣ ስኪን በልጅነቱ አሜሪካ ተማረ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ደገመው።

እኛ ስኪ አያስፈልገንም። ገና አለን። በዓመቱ ብርዳማ ወር ሜዳ ወጥቶ በዱላ ሩር እየመቱ መሯሯጥ የአባቶቻችን ጨዋታ ነው። የመንዝ ጓሳ የሚባል ሣራማ ደጋ አለን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው። ጭላዳው መንጋ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ፣ ዕድለኛ የሆነ ደግሞ ቀይ ቀበሮ የሚያይበት ቦታ ነው። የውጭ አገር ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ሊያየው ይመጣል፣ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን በስልክ ነው የሚያውቀው! የወፍ ዋሻ ደን አለ፣ አንኮበር አለ፣ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል ደብረ ሲናን ማየት አለ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ለምን ይዘናቸው አንሄድም? ሩቅ ካልተቻለም ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ይበቃል። ፈረስ ያለው ዘመድ ያለው ፈረስ ላይ ያውጣቸው፣ እሱም ገመዱን ይዞ አብሮ ይሂድ። ዋናው አብሮ መውጣቱ ነው። የወንድሜ ልጅ እንዲህ ደፋር የሆነችው ሞተር ስለተገዛላት አይመስለኝም፣ አባቷ ከኋላዋ እየሮጠ ስለሆነ ነው።

ከተማ አስተዳደሩን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለፋብሪካና ለሕንፃ ቦታ ሲሰጥ ልጆች ሳይክል የሚነዱበት፣ መኪናና ሞተር የማይገባበት አንድ ሜዳ ይከለልልን። ትራፊክ ፖሊሶቻችንም ሞተር ሲያስቆሙ መንጃ ፈቃድ ብቻ አይጠይቁ፣ ሰልባትዮ ላይ የተቀመጠውንም ልጅ ይዩት። እናንተ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁልኝ፣ የልጅ ሄልሜት የሚያስመጣ ነጋዴ የሚያውቅ አንባቢ በዚሁ ዓምድ እንዲጠቁመን ጋብዙልኝ። የምንገዛ ወላጆች አለን።

አክባሪያችሁ
አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን