እንቅልፍ እያዳፋሽ አትንጂ

ውድ ልጄ፣

ከትናንት በስቲያ፣ ባለፈው ዓመት በረጅሙ የብስክሌት ውድድር አብራሽ የተወዳደረችው ጓደኛሽ ደውላ ከእናትሽ ጋር ረጅም ጊዜ አወራች። ለክፉ አስባ አይደለምና አደራ እንዳትቀየሚያት። በሦስተኛው ሌሊት ከአንድ ቁልቁለት ግርጌ ስትደርስብሽ፣ አጠገብሽ ማንም ሳይኖር «ቀስ በል፣ እደርስብሃለሁ» እያልሽ ትነጋገሪ እንደ ነበርና እንዲያም ሆነሽ ከብስክሌትሽ አልወርድም እንዳልሻት ነው የነገረችን። አንቺ ስትመለሺ «ትንሽ ደክሞኝ ነበር» ብቻ ነበር ያልሽን። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ ለአዲሱ ውድድር ትነሻለሽና፣ በስልክ ብናገረው ስለምታቋርጪኝ ይህን ጻፍሁልሽ። እንቅልፍ እያዳፋሽ አትንጂ።

ነገሩን ከሩቅ እያየሁ የምፈራ ሰው እንዳልሆንሁ ታውቂያለሽ። የመኝታ ከረጢትን ከመሪው ላይ፣ መፍቻና የውስጥ ጎማን ከኮርቻው ሥር አስሮ፣ ተከታይ መኪና ሳይኖር ሺህ ኪሎ ሜትሮችን መንዳት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ሰውነቴ ያውቀዋል። ሰውን ከሰው እንዲህ በፍጥነት የሚያዛምድ ሌላ ነገርም አላየሁም። ደንቡ ከሌላው ኋላ ተጠግቶ ከነፋስ መከለልን ይከለክላል፤ ለሁሉም ክፍት ከሆነ መደብር ወይም ማደሪያ በቀር ከማንም እርዳታ መቀበልን ይከለክላል፤ ስለዚህ አንዱ ተኝቶ ሌላው እያለፈው፣ በማግሥቱ ደግሞ ያለፈው ቆሞ ጎማ ሲጠግን እየተደረሰበት፣ ሳትቀጣጠሩ በቀን ሦስት ጊዜ ከምትገናኙት ሰው ጋር የምትካፈሉት ወሬና ዝምታ ብቻ ይሆናል። ወዳጅነቱ የሚጠነክረው ምንም መሰጣጣት ስለማይቻል ይመስለኛል። አውሮፓን የሚያቋርጠውን የትራንስኮንቲኔንታል የብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ማይክ ሆል፣ በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ በሌላ ውድድር ላይ ሳለ በመኪና ተገጭቶ ሲሞት፣ የእሱን ውድድር በዚያው ዓመት ሳያስታጉሉ ያካሄዱት እንዲህ የተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

አሁን ስለ ግድግዳሽ ልናገር። ፊዮና ኮልቢንገር እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው በትራንስኮንቲኔንታል ከቡልጋሪያዋ ቡርጋስ እስከ ፈረንሳይዋ ብረስት 4,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ10 ቀን ከ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ጨርሳ፣ ከወንዱም ከሴቱም አንደኛ ከወጣች በኋላ፣ ከዚያ ያነሰ መተኛት እችል ነበር ማለቷን ጽፈሽ ግድግዳሽ ላይ ለጥፈሻል። አንቺ የያዝሽው «ያነሰ» የሚለውን ነው፤ እኔ የያዝሁት ተኝታም ማሸነፏን ነው። የሌይል ዊልኮክስንም ታሪክ እየሳቅሽ ስንት ጊዜ ተረክሽልኝ! እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጠው ትራንስ አም በመጨረሻዋ ሌሊት ሲመራ የነበረው ሽቴፈን ሽትራይኽ፣ ጥቂት አሸልቦ ሲነሣ አቅጣጫው ጠፍቶት ወደ መጣበት ይነዳ ጀመርና ከእሷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። አብረን እንጨርስ ቢላት ውድድር ነው ብላ ትታው ሄደች፤ በ18 ቀን ከ10 ደቂቃም አሸነፈች። አልፈርድባትም፤ ውድድሩ ውድድር ነበር። ያን ሁሉ መንገድ መርቶ የመጣ ሰው ፊትና ኋላውን የማይለይበት ሰዓት መኖሩ ግን አንቺን አያስቅሽ።

ለ17 ሰዓታት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። አንቺ ደግሞ 17 ሰዓት ገና ቀኑ አልመሸም የምትዪ ነሽ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳሽ ለ3 ሴኮንድ ብቻ ዓይንሽ ቢከደን 25 ሜትር ያለ ነጂ ትሄጃለሽ። እንቅልፍ እያዳፋሽ አትንጂ።

ጋሼ እያልሽ ያደግሽበት ሰው ግራ ክንዱን ከትከሻው በላይ የማያነሣው በዝናብ ተንሸራትቶ ወድቆ ነው ብለን ነግረንሻል። መውደቁ እውነት ነው፤ ዝናብ ግን አልነበረም።

አንቺ ያን ጊዜ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ውድድሩን ስንጀምር እኔና እሱ አንተዋወቅም፤ በአምስተኛው ቀን ግን በጨለማ ፉጨቱን ስሰማ ምን ያህል እንደ ደከመው እለይ ነበር። በስድስተኛው ሌሊት፣ ከትልቁ ዳገት በፊት፣ በአንድ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። የፊት መብራቱ ጠፍቶበት ባትሪ ሊቀይር ነበር። አሮጌውን ባትሪ አወጣ፣ አገላብጦ አየው፣ አዲሱ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ ያንኑ አሮጌውን መልሶ ከተተው። ሲጫነው አልበራም። እንደገና አወጣው፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ ቆሜ አየሁ። ውኃዬን ጠጣሁና «በርታ፣ ጫፍ ላይ እንገናኝ» ብዬው ሄድሁ። ዳገቱን ስጀምር በልቤ የነበረው፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደምሁት የሚል ሐሳብ ነበር።

ከዳገቱ ማዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ አሸለበው። ሊነጋጋ ሲል ቦይ ውስጥ ያገኙት ከኋላ የመጡ ሦስት ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ ጃኬታቸውን አልብሰው፣ እርዳታ እስኪደርስ ከሁለት ሰዓት በላይ አብረውት ተቀመጡ። በየዓመቱ እየመጡ ጭናቸው ላይ ያሳደጉሽ ሦስቱ እነዚያ ናቸው። እኔ ስንተኛ እንደ ወጣሁ ዛሬ ከእናትሽ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እሷም የምታነሣው ስትናደድብኝ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ልጠይቀው ስሄድ «ባትሪውን ያየኸው መስሎኝ ነበር» አለኝ። አይቼዋለሁ አላልሁትም። ደንቡ ባትሪ እንዳልሰጠው ይከለክለኝ ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጬ «ተኛ» እንዳልለው ግን የከለከለኝ አልነበረም። ጓደኛሽ ከደወለች በኋላ ቤቱ ሄጄ ነገርሁት። «ይህን ለመናገር ሃያ ዓመት ፈጀብህ» አለና ስላንቺ ጠየቀኝ። ይቅር ያለኝ ይመስለኛል፤ አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ ሰው ባትሪውን ሲያገላብጥ ብታዪ ውረጂ። አንቺም ስታገላብጪ የሚያይሽ ሰው ውረጂ ሲልሽ፣ እንደ ባለፈው ዓመት አትሳደቢ።

የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርበትን ትንሿን ብረት መለዋወጫ ያዢ፤ ከታጠፈች የሌላ ብስክሌት ብረት አይገጥምልሽም። ትንሿ ጣትሽና የቀለበት ጣትሽ ከደነዘዙ የመሪ አያያዝሽን ወዲያው ቀይሪ፤ ባለፈው ሁለት ወር ሙሉ የሸሚዝሽን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶሽ ነበር። ረጅም ቁልቁለት ከንጋት በፊት ከገጠመሽ ጫፉ ላይ ተኝተሽ፣ ነግቶ ውረጂው። ሁለት የኋላ መብራት እሰሪ። እንቅልፍ እያዳፋሽ አትንጂ፤ ሰለቸኝ ካልሽ ይሰልችሽ።

እኔና እናትሽ እንደ ልማዳችን ስክሪኑ ላይ ያለሽበትን ቦታ የምታሳየውን ነጥብሽን እንከታተላለን። ነጥቧ በቆመች ቁጥር ስልክ እንዳላነሣ እናትሽ አስምላኛለች። ደግሞም እወቂው፤ የምንጨነቀው ስትቆም ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ስትሄድ ነው። ለአራት ሰዓታት ባንድ ቦታ ስትቆም እኛም መብራቱን አጥፍተን እንተኛለን።

አባትሽ