ጥጆቹን በምን እናኮላሽ?

ውድ አባላት፣

ሰሞኑን «በላስቲክ ይሻላል ወይስ በቡርዲዞ (በመጨፍለቂያው ጉጠት)?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ የማስበውን ልጻፍላችሁ። ከመሣሪያው በፊት የሚወስነው ዕድሜ ነው፤ ጥጃው ባነሰ ቁጥር ሕመሙም ክብደት መቀነሱም ያንሳል።

የቆለጡን ከረጢት ከላይ አንቆ ደም የሚያቋርጠው የላስቲክ ቀለበት በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላለ ጥጃ ነው። ቀለበቱን ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለቱም ቆለጦች ከበታቹ መሆናቸውን በጣት ዳብሱ። አንዱ ወደ ላይ ሸሽቶ ከቀረ፣ በኋላ ጊደሮቹን እያባረረ የሚያስቸግራችሁ እሱ ነው (እኔ ላይ ደርሷል)። ቁስሉ ለሳምንታት ስለሚቆይ ለቲታነስ ያጋልጣል፤ ክትባቱን አትዝለሉ።

ቡርዲዞ ቆዳውን ሳይቀድ የዘር ገመዱን ይጨፈልቃል። ሁለቱን ገመዶች ለየብቻ ያዙ፤ የንክሻው መስመሮችም እንዳይገጥሙ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጉ፤ አለዚያ ከረጢቱ ደም አጥቶ ይበሰብሳል። መንጋጋው የላላ አሮጌ ቡርዲዞ ከምንም አይሻልም። በሁለት ወረቀት መሃል ክር አስገብታችሁ ሞክሩት፦ ክሩ ተበጥሶ ወረቀቱ ካልተቀደደ ደህና ነው። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ቆለጡ መሟሸሹን ዳብሳችሁ አረጋግጡ።

ቢላዋ ከሁሉም አስተማማኙ ነው፤ ቆለጡ ወጥቶ ስለሚታይ ጥርጣሬ የለውም። ነገር ግን መድማት አለ፣ ዝንብና ጭቃም አለ፤ ለእንስሳት ሐኪም ብትተዉት እመርጣለሁ።

በየትኛውም ዘዴ ማደንዘዣና እንደ ሜሎክሲካም ያለ ማስታገሻ ሐኪሙን ጠይቁት። ጡት በሚጥሉበት ሳምንት ደግሞ ይህን አትደርቡባቸው።