እማ፣ እግርሽን አሳዪኝ

ቤሩት
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤውን ትንሿ ታነብልሻለች። አንዲት ጓደኛዬ አገር ቤት ስለምትገባ በእጇ ላክሁት። በስልክ ስንሆን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ነገሩ ሳይነገር ያድራል።

የልጅ ልጅሽ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጣራ ላይ ወርውረው አልኩት። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ቢወረውረው ተመልሶ መንገድ ላይ ወደቀ። «የአያቴ ቤት ጣራ አለው?» አለኝ። አለው፣ ቆርቆሮ ነው አልኩት። የሚቀጥለውን ደሴ ሄጄ እወረውረዋለሁ ብሏል። በአማርኛ ነው ያለው እኮ! ዐረብኛው ቢቀድመውም ማታ ማታ ፊደል አስቆጥረዋለሁ። «መ» ላይ ደርሷል። ምስርና ድንች ይወዳል፤ ሽሮም ጀምሯል። ፊቱ እያደር አባዬን እየመሰለ ነው፤ ሲቆጣማ ቁርጥ እሱን።

ስለ እሱ ብቻ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። ግን ትንሿ ስለ እግርሽ ነገረችኝ። እንዳትቆጫት፤ አስጨንቄ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ።

ሦስት ሳምንት፣ እማ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ቁርጥማት ነው» ስትዪኝ ከረምሽ። ማር ቀብተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽው ነበር አሉ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቆስሎም ላያመው ይችላል፤ ክፋቱም እሱ ነው። ይደነዝዛል። ሚስማር ቢወጋው እንኳ ላይሰማው ይችላል። አላመመኝም ማለት አልቆሰልኩም ማለት አይደለም። የእትአበባን ነገር እዚህ ላይ አላነሳውም። አንቺም እኔም እናውቀዋለን።

ይህን የተማርኩት ከተይታ ነው፤ ሁሌ ከምነግርሽ፣ ከማስታምማት አሮጊት። እሷም እንዳንቺ ስኳር አለባት። ማታ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ አጥባለሁ። ውኃውን በእግሯ ሳይሆን በክርኔ ነው የምለካው። ከዚያ በጣቶቿ መሀል ያለውን እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ። መጨረሻ ላይ የእጅ መስታወት ወለሉ ላይ አድርጌ ውስጥ እግሯን በስልኬ መብራት አየዋለሁ። ትንሽ ከቀላ ለልጇ እደውላለሁ፣ በማግስቱ ሐኪም ያያታል። ትንሿ ስለ አንቺ የነገረችኝ ዕለት ማታ እንደ ሁልጊዜው ተይታ እግር ሥር ተንበረከክሁ። መስታወቱን ማየት አቃተኝ። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ትንሿ መስታወቱን ትያዝልሽ። ነጭ ካልሲ ስድስት ጥንድ ልኬያለሁ። ነጭ ያደረግሁት ደም ወይም ፈሳሽ ሲነካው ቶሎ እንዲታይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ጫማሽን እንደምታወልቂ አውቃለሁ፤ ካልሲውን ግን አታውልቂ። የነቢያት ጾም ሳምንት ቀርቶታል። ኢንሱሊን እየተወጋሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን መዋል አይሆንም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። መብራት ሲጠፋም ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ ትተሽ አትጠብቂ። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስቀምጪ፤ በመሀላቸው እርጥብ አሸዋ ይግባ። መድኃኒቱን በላስቲክ ቋጥረሽ ትንሹ ውስጥ አድርጊና በእርጥብ ጨርቅ ክደኚው። እዚህም መብራት ብዙ ጊዜ የለም፤ የጄኔሬተሩ ሞተር ሲጠፋ እኛም እንደዚሁ እናደርጋለን።

ለምን እንደደበቅሽኝ ትንሿን ጠየቅኋት። «ብዙ ገንዘብ ታወጣለች ብዬ ነው» ብለሻታል። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ወንድም ጋሼ አጠገባችሁ ካለ ትንሿ ታቁም። ብቻችሁን ስትሆኑ ትቀጥልልሽ።

በ2009 ለዕረፍት ስመጣ ነጠላ ላወጣ ሳጥንሽን ከፈትሁ። የባንክ ደብተሬን አገኘሁት። በፌስታል ጠቅልለሽ በክር አስረሽው ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ከ150 ዶላር ደሞዜ 120ውን በየወሩ ልኬያለሁ። የተረፈውን ባንክ አስገቢልኝ ብዬሽ ስጠይቅሽ «ተቀምጦልሻል» ትዪኝ ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው 312 ብር ነው። ውጭ የወንድም ጋሼ ባጃጅ ቆማለች፤ አዲስ ናት፣ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተቀደደም። አንቺ ቡና እየቆላሽ ነው። ክሩን መልሼ አሰርሁና ወጥቼ ቡናዬን ጠጣሁ።

አውቀሻል ብዬ አስባለሁ። ክሩን እንዳንቺ አላሰርሁትም።

ለቤት ኪራይ፣ ለትንሿ ትምህርት፣ ለአባዬ ተዝካር የወጣውን አልቆጥርም። ያ የሁላችን ነው። ባጃጇም ትሁን፣ ልጅሽ ነው። ግን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ለራስሽ ሐኪም ቤት የኔን ብር ለማውጣት የምትሳሺ ሰው፣ ያኔ ለእሱ ስትሰጪ እንዴት እኔን ሳትጠይቂ እጅሽ እሺ አለሽ? ስምንት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ።

እኔም ዋሽቼሻለሁ። ተመልሼ «ማዳም ደሞዝ ቀነሰችብኝ» አልኩሽ። አልቀነሰችም። ግማሹን ለራሴ ማስቀመጥ ጀመርሁ፣ በሊራ። 3 ሚሊዮን ሊራ አደረስሁት። ያኔ 2 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ከዚያ 2012 ላይ ሊራው መውደቅ ጀመረ። አንድ ዶላር 1,500 ሊራ የነበረው ዛሬ ወደ 90 ሺህ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ዛሬ 33 ዶላር ነው። እናቴን ዋሽቼ ያጠራቀምሁት ስለሆነ ነው እያልሁ ስንት ሌሊት አለቀስሁ።

ያ ዓመት ምን ዓመት እንደነበር ታውቂዋለሽ። ሐምሌ 28 ወደቡ ሲፈነዳ የመስኮቱ መስታወት ሁሉ አልጋው ላይ ረገፈ። ልጄ የአራት ወር ሕፃን ነበር። አዝዬው ስለነበር ተረፈ። በዚያው ክረምት አሠሪዎቻቸው ሐዝሚዬ ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው የጣሏቸውን ልጆች አይቻለሁ። አስፋልት ላይ ተኝተው ነበር። ደሞዛቸውን በሙሉ አገር ቤት የላኩ ነበሩ፤ እጃቸው ላይ የታክሲ እንኳ አልነበራቸውም። አምና በመስከረም ጦርነቱ ሲመጣም የጣሏቸው ነበሩ።

ስለዚህ አሁን ሳልዋሽ ልንገርሽ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የምልክልሽ 80 ዶላር ነው፣ 150 አይደለም። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ወደ 150 ብር ስለሚመነዘር፣ 80ው 12 ሺህ ብር ይሆናል። ድሮ በ57 ሲመነዘር 150ውም 8 ሺህ ተኩል ነበር። ጤፉና ዘይቱ አብሮ እንደወጣ ጠፍቶኝ አይደለም። የሐኪሙንና የመድኃኒቱን ለብቻ ለትንሿ እልካለሁ፤ እሱ ከ80ው አይነካም። ለሌላ ለማንም እንዳይሰጥ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ግን ይጻፍ።

70ው ዕቁብ ነው። ዶራ የሚባል ሰፈር አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነን በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ እንጥላለን፣ በዶላር። ዕጣዬ ሲወጣ 840 ዶላር አገኛለሁ። በእሱ የኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቅጣቴንና የልጁን ወረቀት እጀምራለሁ። ኢቃማ የለኝም፣ እማ። ከማዳም ቤት ከወጣሁ ጀምሮ የለኝም። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልኩሽ ለዚህ ነው የማይሆነው። አንቺ እንደዚህ ሆነሽ አልመጣም ማለት ምን እንደሆነ አንቺው ገምቺው። ከዕቁቡ በኋላ ቲኬት አለ። አንድ ዓመት ተኩል ቢፈጅ ነው። ጠብቂኝ።

እዚህ ከመጣሁ ሦስት ወር ሳይሞላኝ፣ ጥር 17 ቀን 2002 አውሮፕላኑ ከቤሩት ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ፣ አለችበት ብለሽ ለቅሶ ተቀምጠሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ስልክ አግኝቼ «አለሁ» ስልሽ፣ «ገንዘቡ ይቅርብኝ፣ አንቺ ነይልኝ» አልሽኝ። በ2014 ደሴ ተይዛ ስልክ ሲጠፋ ያ ያንቺ ጭንቀት ምን እንደነበር አወቅሁት። ደብተሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ይህ ድምፅሽም አብሮ ይመጣል። አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም።

ለወንድም ጋሼ ሰላም በይልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፣ በቪዲዮ። ፊትሽን ብቻ አሳይተሽኝ እንዳትዘጊው። ስልኩን ትንሿ ትያዘው። ካልሲውን አውልቂና እግርሽን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሪልኝ፣ መጀመሪያ ውስጥ እግርሽን፣ ከዚያ ጣቶችሽን አንድ በአንድ።

ልጅሽ