የአውቶ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አልወጣ ያለው ፎር ዊል

የአውቶ ክበብ ሲባል ብዙ ሰው መኪና ስንነዳ የምንውል ይመስለዋል። አንነዳም። ያለችን አሮጌ ባለ ፎር ዊል (አራቱም ጎማዋ በሞተር መነዳት የሚችል መኪና) ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል፤ ከአዳራሹ ጀርባ መቆሟን ታውቃላችሁ። «ይሄ ቁራሌ መቼ ይነሳል?» የሚሉም አሉ። ዘገባው በተለይ ለእነሱ ነው።

ዘንድሮ ያጠናነው የአገር አቋራጭ መኪኖች ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሱበት መንገድ ለምን እንደተቀያየረ ነው። በአብዛኞቹ የቀድሞ ላንድሮቨሮች ፎር ዊል ሲያስፈልግ ይገባል፣ ሲበቃ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ግን አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይነዳል፤ መሃል ላይ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ማርሽ፣ አለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በእጅ መቆለፉ ቀርቶ ራሱ የሚይዝ ቪስከስ ካፕሊንግ (በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራ ማያያዣ) ገባ።

ልጆቹ ይህን በቃላቸው ያውቁት ነበር። የገባቸው ግን ግቢ ውስጥ ነው። ጎማዎቹን በጠመኔ ምልክት አድርገን፣ መሪውን አዙረን፣ ሲሚንቶው ላይ ገፋናት። የፊት ጎማዎች ሰፋ ያለ ክብ ስለሚሄዱ ከኋላዎቹ ይበልጥ ይዞራሉ። ከዚያ የፊት ሀቦቹን (የፊት ጎማዎቹን ከአክስላቸው የሚያያይዙትን) ቆልፈን፣ ፎር ዊሉን አስገብተን ደገምነው፤ አሁን የፊቱና የኋላው እኩል መዞር ግድ ሆነባቸው። መጀመሪያ እሺ አለች። ቀስ በቀስ ከበደች። በመጨረሻ ግግም! የፎር ዊሉ ማንሻ በሁለት ሰው ጉልበትም አልወጣ አለ። አንዱ መዶሻ ፍለጋ ሮጠ።

ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምተን የማናውቀው ልጅ ናት ያኔ የተናገረችው። «ተጠምዝዞ ነው እኮ የተያዘው። በመጣችበት እንመልሳት።» ወደ ኋላ ገፋናት። ማንሻው ቀጭ ብሎ በአንድ እጅ ወጣ። እኔ ይህንኑ ለማስረዳት ሰሌዳ ሙሉ ስዕል ስዬ ነበር!

አፈሩ ላይ ስንሞክረው አልተያዘችም። ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ልዩነቱ እዚያው ያልቃል። የመሃል ዲፈረንሻል ምን እንደሚሠራ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም።

ስብሰባው፣ የኮሚቴ ምርጫው፣ የግድግዳ ጋዜጣው እንደወትሮው ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር ጥቂት አባላት ከዱን፤ ግሪስ የነካው ዩኒፎርም ቤት ውስጥ አልተወደደም። የጋራዥ ጉብኝቱም ቀረ። መኪና የሚያጠና ክበብ መኪና አጥቶ ቀረ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ለከርሞ ሁለት ነገር እንፈልጋለን። አንዱ የማይንሸራተት ክሪክ ነው፤ ያለ እሱ ልጅ መኪና ሥር አላስገባም። ሌላው መሃል ዲፈረንሻል ያለው ትራንስፈር ኬዝ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል የማርሽ ሳጥን) ነው። ልጆቹ ፈተው አንድ ጎማ ጭቃ ላይ ሲዞር ኃይሉ ለምን ወደዚያ እንደሚሄድ፣ ሲቆለፍስ ምን እንደሚለወጥ በዓይናቸው ይዩት። የተበላሸም ቢሆን እንወስዳለን፤ ያለው ወላጅ ይንገረን፣ እኛው መጥተን እናነሳዋለን።