ሰማንያ ያልደረሰስ? የጤናማ አመጋገብና የሰላማዊ ኑሮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ጥቅምት ላይ የክበባችንን ምዝገባ ስንከፍት 41 ተማሪ ተሰለፈ። ደስ አለኝ። በኋላ ስጠይቅ ግማሹ ሱሺ የሚበላ መስሎት ነው የመጣው። ማስታወቂያው ላይ «ከጃፓኖች ማዕድ የምንማረው» ብዬ ስለጻፍኩ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ዓሣውን ጥሬውን ነው እንዴ የሚበሉት?» አለና ፊቱን አጨማደደ። ቁርጥ በሚጥሚጣ የሚያወራርድ አገር ልጅ ጥሬ ዓሣ ሲባል እንዲህ መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል።

ሱሺ እንደሌለ ሲታወቅ 26 ቀሩ። ይህ ዘገባ የእነሱ ነው።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የሚባል የቶኪዮ ኬሚስት፣ ጃፓኖች ሾርባ የሚያጣፍጡበትን ኮምቡ የተባለ የባሕር አረም ይዞ ጣዕሙ ከምን እንደሚመጣ ፈልጎ አገኘ። ግሉታሜት ነው። ጣዕሙን «ኡማሚ» አለው፤ ጣፋጭም፣ ኮምጣጣም፣ ጨዋማም፣ መራራም ያልሆነ አምስተኛ ጣዕም። ቲማቲም ውስጥም አለ። ይህን ለክፍሌ ባወራሁ ቀን ደወል ተደውሎ ማንም አልተነሳም። ክበብ ላቋቁም ያልኩት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን «ሃራ ሃቺ ቡ» ነበር። ኦኪናዋ በሚባሉት የደቡብ ጃፓን ደሴቶች አረጋውያን ማዕድ ላይ የሚሉት ነገር ነው። ከአሥር ስምንት እጅ (ከመቶ ሰማንያ) ሲሞላ ተው፣ ሳትጠግብ ተነሳ እንደማለት። ምክንያትም አለው። መጥገባችንን የሚናገረው መልእክት ከሆድና ከአንጀት ተነስቶ አንጎል እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ቶሎ ቶሎ የሚጎርስ ሰው መልእክቱ ሳይደርሰው ትርፉን በልቷል።

ልጆቹ ደብተር ያዙ። ምሳ በበሉ ቁጥር ሆዳቸው ስንት እጅ እንደሞላ ከአሥር ይጽፋሉ። እኔም ያዝኩ። አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ የራሴን በያይነቱ ጨርሼ የባልደረባዬን እንጀራ ጫፍ ስቆርስ ሁለት አባላት በመስኮት አዩኝ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «ቲቸር፦ 12/10» ተጽፎ ጠበቀኝ።

እንደ እውነቱ ከሆነ አማርኛችንም አላገዘንም። እየበላን ሰው ከመጣ «እንብላ» እንላለን። መልሱ «ጥጋብ ይስጥልኝ» ነው። ምርቃታችን ራሱ ጥጋብ ነው ማለት ነው። «በሞቴ» የተባለበት ጉርሻ ደግሞ ስምንተኛው ላይ አይቆምም። ግን ያው እኛው ሰው ሲያስቀይመን «ጥጋበኛ» ብለን እንሰድባለን። አንዱ «ታዲያ ጥጋብ ጥሩ ነው መጥፎ?» ብሎ ሲጠይቅ ሙሉ ሰዓት ተከራከሩበት። አልተስማሙም።

የጃፓን ነገር ሁሉ ጤና እንዳይመስለንም ተነጋግረናል። ኦኪናዋ እ.ኤ.አ. እስከ 1972 ድረስ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ነበረች። ሃምበርገሩና የቆርቆሮ ሥጋው ከጦር ሰፈሮቹ ጋር ገባ። በ2000 የኦኪናዋ ወንዶች በዕድሜ ርዝመት ከ47ቱ የጃፓን ግዛቶች 26ኛ ሆነው ተገኙ። አባባሉ እንዳለ ነው፤ ሳህኑ ላይ ያለው ግን ተለወጠ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሥራችንን ሁሉ ያስቆመ ጥያቄ መጣ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። ደብተሯ ባዶ ነው። ለምን እንዳልጻፈች ስጠይቃት «ቲቸር፣ ሰማንያ ያልደረሰስ?» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ጸጥ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ምሳ ዕቃ ሳይይዙ የሚመጡ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ። በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍታችን የሚሞላው በንባብ ፍቅር ብቻ አይደለም። ለዚህ ልጅ «ሳትጠግብ ተነሳ» ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው? የዚያን ሳምንት ደብተሮቹን ሰበሰብኩ። አልመለስኳቸውም።

ገና ሲደርስ ስለ ጃፓን የትምህርት ቤት ምሳ ማንበብ ያዝኩ። «ክዩሾኩ» ይሉታል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1889 ያማጋታ ግዛት ውስጥ፣ ጽሩኦካ በምትባል ከተማ፣ በቡድሃ ቤተ መቅደስ ቅጥር የነበረ ትምህርት ቤት ነው። የድሃ ልጆች ምሳ ይዘው መምጣት ስላልቻሉ ድብልብል ሩዝ፣ በጨው የቆየ ዓሣና አትክልት ሰጧቸው። በ1954 ሕግ ወጣለት። በ2005 ደግሞ ሌላ ሕግ ስለ ምግብ ማስተማርን የአገር ሥራ አደረገው። ዛሬ ተረኞቹ ልጆች ነጭ ልብስና ቆብ አድርገው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። ሁሉም ሳይደርሰው ማንም አይጀምርም። «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ በትሕትና እቀበላለሁ እንደማለት ነው። መምህሩም እዚያው ክፍል ያንኑ ምግብ ይበላል። ሲጨርሱ ራሳቸው ያነሳሉ። ክፍላቸውንም የሚያጸዱት እነሱ ናቸው።

ለካ እኛ ከመጨረሻው ነው የጀመርነው። ስምንት እጅ ላይ መቆም መጀመሪያ ማዕድ ለቀረበለት ሰው ነው።

ከጥር ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ምሳ ዕቃችንን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ መገልበጥ ጀመርን። ረቡዕን የመረጥነው በምክንያት ነው። የጾም ቀን ስለሆነ ሥጋ የለም። ሥጋ ከሌለ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር። የጃፓን መነኮሳትም «ሾጂን ርዮሪ» የሚሉት ሥጋም ዓሣም የሌለው ምግብ አላቸው። ፎቶውን ሳሳያቸው «የጾም ነው እኮ!» አሉ። የማደሉ ተራ በስም ዝርዝር ነው። ማን አመጣ፣ ማን አላመጣ የሚል መዝገብ አይያዝም። ይህን ያስወሰነችው ያቺው የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት።

ነጩን ልብስ ከላብራቶሪ ተዋስን። አንደኛው ጋውን ደረቱ ላይ የቆየ የአዮዲን እድፍ አለበት፤ ማንም ሊለብሰው አይፈልግም ነበር። የመጀመሪያው ረቡዕ አልሰመረም። ጭልፋውን የያዘው ልጅ ድንቹን ለጓደኞቹ አድሎ ጨረሰ። መጨረሻ የተሰለፉት እንጀራና የጎመን መረቅ ደረሳቸው። ጭቅጭቅ ሆነ። በሳምንቱ ሁለት ሕግ ወጣ፦ አዳዩ መጨረሻ ይቀበላል፣ ሁሉም ሳይደርሰው አይጎረስም። በ«ኢታዳኪማስ» ፋንታ ምን እንበል ሲባል «እንብላ» አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ጭልፋው እንዴት እኩል እንደሚቀዳ ብታዩ! እነዚሁ ልጆች መለኪያ ሲሊንደር ላይ እንዲህ ቢጠነቀቁልኝ ምን ነበረበት።

የአንዲት አባላችን አክስት ከውጭ አገር አንድ እሽግ ሚሶ ላከችልን። ከአኩሪ አተርና ከጨው ተብላልቶ የሚሠራ ሊጥ ነው። «ስልጆ ስልጆ ይላል» አሉ፣ አልተሳሳቱም። እኔ ሾርባውን ስሠራ እጄ ከበደና ከጨው ብዛት የሚጠጣ አልሆነም። ግን ለትምህርት በጀን። ናጋኖ የሚባለው ግዛት ሰዎች ክረምቱን በጨው በታሸገ አትክልትና በሚሶ ይገፉት ነበር፤ አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ብዙ ሰው ይገድልባቸው ነበር። ቤት ለቤት እየዞሩ የሾርባውን ጨው እየለኩ፣ እየመከሩ አሻሻሉት። ዛሬ ናጋኖ ረጅም ዕድሜ ከሚኖርባቸው ግዛቶች አንዷ ናት። ልጆቹ በማግስቱ የየቤታቸውን ሽሮ ጨው ሲነቅፉ ሁለት እናቶች ደውለውልኛል።

ማጽዳቱም ቀላል አልነበረም። እትዬ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛችን መጥረጊያውን ከልጆቹ እጅ ወስደው «ምነው ልጆቼ፣ እንጀራዬን ልትነጥቁኝ ነው?» አሉ። የራሳችንን ፍርፋሪ ብቻ እንደምናነሳ ለማሳመን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንድ አባትም «ልጄን የላክሁት ሊማር እንጂ ሊጠርግ አይደለም» ብለውኛል። አልተስማማንም። ልጁ ግን መምጣቱን አልተወም።

የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ማዕዱ ታጠፈ። በምትኩ አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ወጣን። ጃፓኖች «ሺንሪን ዮኩ» ይሉታል፣ ደን መታጠብ ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው የአገሩ የደን መሥሪያ ቤት ነው። ስፖርት አይደለም። ቀስ ብሎ መሄድ፣ ማሽተት፣ ማዳመጥ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ሩብ ሰዓት ዝም ብለን ተቀመጥን። ሦስቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አልቀሰቀስኳቸውም።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ሻይ ሥርዓታቸው ገባን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሴን ኖ ሪኪዩ የሻይ ቤቱን በር እጅግ ጠባብ አደረገው። ጌታም ሎሌም ጎንበስ ብሎ፣ በጉልበቱ ተንፏቆ ይገባል። ሳሙራዩ ሰይፉን ውጭ ትቶ ነው የሚገባው። እኛ ሻይ ማፍላት ምን አደከመን፤ ቡና አለን። ሰይፍም የለንም፤ ስልክ ግን አለ። በር ላይ ቅርጫት አስቀመጥን። በትምህርት ቤታችን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቅርጫቱ ውስጥ 14 ስልክ ተቆጠረ። ያላየሁ መሰልኩ።

በኳስ ምክንያት ሁለት ወር የተኮራረፉ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ቦታ ስላልነበረ ነው። አቦል ተጠጣ፣ አልተያዩም። ቶናም እንዲሁ። በረካ ላይ አንደኛው «ስኳር አቀብለኝ» አለ። ስኳሩ ከራሱ ፊት ለፊት ነበር። ሌላው አንስቶ ሰጠው።

ዓመቱን በ23 አባላት ጨርሰናል። ሦስቱ ወደ ኳስ ክበብ ሄደዋል። ለከርሞ ሁለት ትልልቅ ጭልፋ፣ አንድ ሰፊ ትሪና የራሳችን ሽርጦች ያስፈልጉናል። ጋውኖቹን አጥበን ለላብራቶሪ መልሰናል። አንደኛው ላይ ከአዮዲኑ እድፍ አጠገብ የሽሮ እድፍ ተጨምሯል። በላርጎም አልለቀቀም፤ ቴክኒሻናችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።