ለሐሙስ የጥናት ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ

ሰላም ጓደኞች፣ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት በዙም የጥናት ጥያቄዎቻችንን እናያለን፣ ሊንኩን እዚሁ እለቃለሁ። ሁላችሁም አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ኑ፣ ማንን እንደምታጠኑና ምን እንደምትለኩ የሚታይበት ይሁን። "ሶሻል ሚዲያና ድብርት" ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ደሞ አንዴ ብቻ መጠይቅ በትናችሁ "ያስከትላል" ማለት አይቻልም፣ ድብርት ያለበት ሰው ሊሆን ይችላል እኮ ስልኩ ላይ የሚውለው፣ የቱ እንደቀደመ ለማየት እነዛኑ ሰዎች በጊዜ ሂደት መከታተል ያስፈልጋል።

ፒኤችኪው-9ን (ድብርትን የሚለካውን ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ) የምትጠቀሙ ደሞ፣ 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ስለሚጠይቅ፣ አለኝ ያለን ሰው በዛው ቀን ማን እንደሚያናግረውና የት እንደምትልኩት አብራችሁ ጻፉ፣ ይሄን ሳትይዙ ባትመጡ ይሻላል (የምሬን ነው)።

የምትመጡ እስከ ረቡዕ "አለሁ" በሉ፣ ሰዓቱ የማይመቻችሁም ንገሩኝ።