ልጃችንን ለፈለጋችሁልን ሁሉ

ባለፈው ሳምንት ልጃችን ከቤት ወጥቶ በጠፋ ጊዜ ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ከግንፍሌ እስከ ፒያሳ ለተንከራተታችሁልን ሁሉ በባለቤቴ፣ በእናቴ፣ በልጆቼና በራሴ ስም እግዚአብሔር ይስጥልን። ብድራችሁን እሱ ይክፈልልን፤ እኛ አንችልም። ልጁ ደኅና ነው። ጉልበቱ ላይ ካለችው ጭረት በቀር ምንም አላገኘውም። በዚያው ማታ እራቱን በልቶ እንደ ወትሮው ተኛ። እንቅልፍ ያጣነው እኛ ነን።

የደወላችሁልኝ ሁሉ «እንዴት ተገኘ?» ብላችሁኛል። ለእያንዳንዳችሁ መልሼ ለመተረክ አቅሙ የለኝም። ደግሞም የአገኛኘቱ ነገር በዚያች ቀን የጀመረ አይደለም፤ ከምስጋናው ትልቁ ድርሻ የሚደርሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ በዕለቱ መንገድ ላይ እንኳ አልነበሩም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ለማታውቁን፦ ልጃችን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ጥቂት ቃላት አሉት፤ ስሙ ሲጠራ ግን ብዙውን ጊዜ ዞር አይልም። ጆሮው ደኅና ነው፣ ተመርምሯል። ኦቲዝም የሚባለው የአንጎል እድገት ገና ከጽንስ ጀምሮ የተለየ መንገድ ሲይዝ ነው፤ በዚህ ውስጥ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ አለው። በዓለም ላይ ከመቶ ልጆች አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል። ስለዚህ ይህን ከሚያነቡት መካከል በዘመድም በጎረቤትም የማያውቀው ያለ አይመስለኝም፤ ምናልባት ስሙን አያውቀው ይሆናል እንጂ። «ልጅ የሚጠፋው እናትየው ስትዘናጋ ነው» ላላችሁትም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው አራት ዓመት ከሞላ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ አምልጠው ለመሄድ ሞክረዋል ይላል። ያ ሁሉ እናት ዝንጉ አይደለም። የእኔ ባለቤት ደግሞ ልጁ ገላውን እስኪታጠብ እንኳ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሴት ናት።

ልጁ የወጣው የሚሄድበት ስላለው ነው። የድሮ ጎረቤቶቻችን እንደምታውቁት በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለልማት ሲነሳ ከዶሮ ማነቂያ ወጥተን ግንፍሌ ቤት ተከራየን። ለእኛ ለትልልቆቹ ከባድ ነበር፤ ለእሱ ግን ዓለም እንዳለ ተገለበጠ። ነገር ሁሉ በቦታው፣ በሰዓቱ፣ በቅደም ተከተሉ ካልሆነ የሚጨነቅ ልጅ ነው። በሩ አረንጓዴ፣ ከበሩ ቀጥሎ ሱቁ፣ ከሱቁ ቀጥሎ ቆሎ ሻጯ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ከነበሩት ቃላት ገሚሱን ተወ፣ ሌሊት ተነስቶ በር ይደበድባል፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያላትማል። ከወራት በኋላ ረግቶልናል ስንል ነው እንግዲህ፣ ባለፈው ሳምንት የግቢው በር ለውሃ ቦቴ በተከፈተበት ቅጽበት ሹልክ ያለው።

አራት ኪሎ ያላችሁ የታክሲ ተራ አስከባሪዎች፣ ፎቶውን ከስልክ ወደ ስልክ አዳርሳችሁ በየታክሲው ረዳት እጅ ያስገባችሁልን፣ ተባረኩ። «ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርድ አይቼዋለሁ» ያልከን ሊስትሮ፣ አቅጣጫውን የሰጠኸን አንተ ነህ። የዕድራችን ጸሐፊ፣ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ አባላቱ በየአቅጣጫው ቢበተኑም መዝገቡን አልዘጉትም። ያንን መዝገብ አውጥተው አንድ በአንድ ሲደውሉ ነው አንዲት የድሮ ጎረቤታችን «ቤቱን ፍለጋ ሄዶ ይሆናል እኮ!» ያሉት። እኛ ወላጆቹ ወንዝ ወንዙን ነበር የምናስበው። ውሃ ስለሚወድ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ሰው ሁሉ ተሰማርቶ ነበር፤ ያም ደግ ነው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲጠፋ አስቀድሞ መታየት ያለበት ውሃ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ።

እውነትም እዚያው ተገኘ። የድሮው በራችን በነበረበት፣ አሁን አዲስ የእግረኛ መንገድ በሆነው ቦታ ላይ ቆሞ። ያገኙት የፖሊስ አባል እጁን አልያዙትም፣ በስሙም አልጮኹበትም። ምክንያቱም የንግግር ቴራፒስቱ ነገሩን በስልክ እንደሰማ ወዲያው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ልኮ ነበር፦ «እየሮጣችሁ አትቅረቡት፣ አትያዙት፣ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ወገቡ ላይ ያለውን የሥዕል ካርድ አመልክቱት።» ፖሊሱ ከነዩኒፎርማቸው ጠርዙ ላይ ቁጭ አሉ። ቆሎ ሻጯ ጎረቤታችንም ደርሳ ከጎናቸው ተቀመጠች። ልጁም ትንሽ ቆየና ካርዶቹን አገላብጦ አንዱን ለፖሊሱ ሰጣቸው። ካርዱ የውሃ ሥዕል ነው። ያንን ሁሉ መንገድ በፀሐይ ሄዶ ጠምቶታል። ሃይላንድ ገዝተው አጠጡት፣ ጠጥቶም አብሯቸው ቁጭ አለ። እኛ ስንደርስ ሦስቱ ቆሎ እየበሉ ነበር።

ስለዚህ ካርዱን ላስተማረን ቴራፒስት ምን ልበል! ሥዕል አንስቶ በመስጠት የመነጋገሩ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያና በአንዲት የንግግር ቴራፒስት የተጀመረ ነው። እሱ ግን የፈረንጅ ሥዕል ይዞ አልመጣብንም። ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ የእናቴን ነጠላ፣ ቢጫውን ጄሪካን እቤት መጥቶ ፎቶ አነሳ። ትልቋ ልጄ በየካርዱ ላይ ስሙን በቁም ጽሕፈት ጻፈችበት። አራት ኪሎ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ደግሞ ስንት ጊዜ በላስቲክ እንደለበጠልን፣ ስንት ጊዜ ልጃችን አኝኮ እንደጨረሰው እሱ ያውቃል፤ ገንዘቡን ከተቀበለበት ያልተቀበለበት ይበዛል። ከዘመድ ወገን «ሥዕል ካስለመዳችሁት ጭራሽ አይናገርም» ያለን ነበር። ቴራፒስቱ ጥናቶች ይህን እንደማያሳዩ፣ መግባባት የጀመረ ልጅ ለንግግርም እንደሚነሳሳ አስረዳን። ልጁ ዛሬ «ውሃ» የሚለውን በአፉም ይላል፣ ሲደላው።

የካቲት 12 ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክፍል ላላችሁ ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ከዚያ በፊት አንድ ክሊኒክ «ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል» ብሎ መልሶናል፤ አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ የከፈልነውን መመዝገቢያ ይዞ ልጁን መልሶልናል። ስድስት ኪሎ ያገኘናቸው ዶክተር መጀመሪያ የጆሮ ምርመራ አዘዙ። ቀጥለው የሚጥል በሽታ ምልክት እንዳለው ጠየቁ፣ ከኦቲዝም ጋር አዘውትሮ ስለሚታይ። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሆድ ድርቀቱ፣ ስለ አበላሉም አንድ በአንድ ጠየቁ። ሲጨርሱ ወደ ባለቤቴ ዞረው «አንቺስ ትተኛለሽ ወይ?» አሏት። ባለቤቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ እስከዚያች ቀን ማንም እሷን ጠይቋት አያውቅም ነበር። ኦቲዝሙን የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ ሳይደብቁ ነገሩን። ቤት ስንቀይር ራሱን መጉዳት ሲጀምር ደግሞ ለመረበሹ ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በትንሽ መጠን የሚወሰድ መድኃኒት አዘዙለት። ሲረጋም ቀስ በቀስ ቀነሱለት።

እናቴ ደግሞ በጸበል ነው የምታምነው። እኔም አምናለሁ። መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ ሰዉ ብዙ፣ ጩኸቱ ብዙ፣ ውሃው በረዶ ነበር፤ ልጁ ሲንፈራገጥ «ይኸው ጋኔኑ ለፈለፈ» ተባለ። ልጁ ግን የጮኸው ጆሮውና ቆዳው ከእኛ ይልቅ ስለሚሰሙ ነው። የንስሐ አባታችን ይህን ሲሰሙ «ማለዳ ሰው ሳይበዛ አምጡት፤ ይጠጣ፣ ፊቱን ይታበስ፣ ይበቃዋል። የሐኪሙንም አታቋርጡ፣ እሱም የእግዚአብሔር ነው» አሉ። ዶክተሯም በበኩላቸው ጸበሉን ሲሰሙ ፊታቸውን አላኮሳተሩም፤ «የሚረጋጋበት ከሆነ ሂዱ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ብቻ አታሳልፉ» ነው ያሉት። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ግን አንዱ ሌላውን ባለማፍረሱ እናቴና ባለቤቴ አንድ ቤት ውስጥ ሳይጣሉ ልጁን ማሳደግ ቻሉ። ለእኔ ከመድኃኒቱም ይልቅ ይህ ነው ያዳነን። ከግድግዳ ማዶ ዱዓ ያደረጉልን የድሮ ጎረቤታችን ሐጂም፣ አላህ ይቀበልዎት፤ በረመዳን የሚልኩለት ሳምቡሳ እስከ ዛሬ የሚበላው ብቸኛው ጥብስ ነገር ነው።

ሁሉም መካሪ ግን ምስጋና አይገባውም። ልጁን «ፈጽሞ እናድናለን» ብለው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዱቄት የሸጡልን ሰዎች አሉ። ከደም መርዛማ ብረታ ብረት ያወጣል የተባለ ሕክምናም እንድናስደርግ ተጎትጉተናል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሕፃን በዚያው ሕክምና ሞቷል። ወተትና ስንዴ አስወግዱ ያሉንም ነበሩ። ዶክተሯ ሳቁና «ግሉተን ለሚሉት፣ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ከመጀመሪያውም የለበትም፤ ዳቦና ወተቱን ከወሰዳችሁበት ምን ሊበላ ነው?» አሉ። ልጁ የሚበላው በጣት የሚቆጠር ነው፤ አመጋገብ መለወጡ ኦቲዝሙን ለማሻሻሉም አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ሙዚቃው፣ መዋኘቱ፣ አትክልት ማጠጣቱ ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ይደሰትበታል፣ ማንንም አይጎዳም፣ ኪስም አያራቁትም። እኔ አሁን የምለካው በዚህ ነው።

ባለቤቴ የተካፈለችበትን የአሳዳጊዎች ሥልጠና የሰጣችሁ ባለሙያዎች፣ እናንተንም ሳላነሳ አላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በአማርኛ ተተርጉሞ አገራችን ውስጥ የተሞከረ ሥልጠና ነው፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። ልብስ ሲለብስ፣ እጁን ሲታጠብ፣ ሽንኩርት ሲልጥ አብሮ መጫወትን ያስተምራል። ለቴራፒ በየቀኑ የምትከፍለው ገንዘብ ለሌላት እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባቶች ግን ጥቂት ነን፤ ብትመጡ ወንበር አለ።

መንገዱን የጠረጉትንም ማስታወስ ይገባል። በራሳቸው ልጅ ምክንያት ተነስተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጅን ቤት ቆልፎ መደበቅ እንደ ወግ በሚታይበት ዘመን አደባባይ ወጥተው ባይናገሩ ኖሮ፣ ያንን ፎቶ በየታክሲው ለመበተን እኛም ድፍረቱ አይኖረንም ነበር። የነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ሰዎችም እንዲሁ። እርግማን ነው፣ የእናት ኃጢአት ነው ማለቱ የእኛ ብቻ ነውር እንዳይመስላችሁ። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ የተማሩት ፈረንጆችም ለብዙ ዓመት «ልቧ የቀዘቀዘ እናት ያመጣችው ነው» እያሉ ሴቶችን ሲያሸማቅቁ ኖረዋል። በኋላ ጥናት ሐሰትነቱን አሳየ፤ የቆሰሉት እናቶች ግን ቆስለው ቀሩ።

የመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ቡና ይፈላል፤ የደከማችሁልን ሁሉ ኑልን። ቤቱን የማታውቁ የዕድሩ ጸሐፊ ይነግሯችኋል። ፖሊሱም እመጣለሁ ብለውናል። አደራ፣ ስትገቡ እልልታና ጭብጨባ ይቅር፣ ልጁንም አቅፋችሁ አትሳሙት። እጣንም አናጨስም፣ ያስነጥሰዋል። በር ላይ የሰላምታ ሥዕል ያለበት ካርድ ተሰቅሏል፤ እሱን አንስታችሁ አሳዩት። ከፈለገ ይመልስላችኋል፣ ካልፈለገም ወደ ጓዳ ይገባል፤ ቡናው ግን ለሁላችሁም ይደርሳል።